በአርባ የፈረስ ጉልበት

የስኖውሞቢል ሞተር ነቅሎ አውሮፕላን ላይ የገጠመ በዓለም የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሌሎችም አሉ ይባላል። ይባላል እንጂ ፊቴ ቆሞ ያስረዳኝ የለም።

ላልተከታተላችሁኝ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ለተከታተላችሁኝም መድገሙ አይጎዳም፣ እንዲህ ያለ ታሪክ በየሳምንቱ አይወለድም። ስሜ ዘውዴ ነው። የምኖረው ዌስተን፣ የኤርፖርቱ ባቡር በመስኮቴ ሥር እያፏጨ በሚያልፍበት ፎቅ ላይ ነው። መካኒክ ነኝ፤ ከቶሮንቶ ታክሲዎች ግማሹ በእኔ እጅ ሞቶ ተነስቷል። የምወዳት ሴት እየሩሳሌም ትባላለች። የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት፣ ክሬሰንት ታውን ከአባቷ ጋር ትኖራለች፣ ስትስቅ አንደኛው ዐይኗ ከሌላው ቀድሞ ይዘጋል። አባቷ አቶ ወልደገብርኤል በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገው ለነጭ ጋዋን ያበቁ ሰው ናቸው። እጁ ግራሶ የጠገበ አማች በእቅዳቸው ውስጥ አልነበረም።

አውሮፕላኗን የሠራኋት ከከተማው በስተሰሜን፣ የአንድ ገበሬ ባዶ ጎተራ ውስጥ ነው። አጥንቷ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ቆዳዋ ሸራ፣ ወንበሯ ሁለት። ሞተሩን ያገኘሁት እዚያው ነው። ገበሬው ዶሮዎች ያደሩበት አሮጌ ቢጫ ስኖውሞቢል፣ በረዶ ላይ የሚጋለበው ሞተር፣ ነበረው፤ ዶሮዎቹን አስለቅቄ ሞተሩን አወጣሁ። ሁለት ሲሊንደር አለው፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ደባልቆ ይጠጣል፣ በገመድ ተጎትቶ ይነሳል፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሦስት ሰፈር ያጣላል።

እንዲህ ያለውን ሞተር አውሮፕላን ላይ ማስቀመጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በበረዶ ላይ መክነፍ የለመደ ስለሆነ በጣም ይፈጥናል፤ ፕሮፔለር ደግሞ ረጋ ብሎ መዞር ነው የሚወደው። በመሐላቸው አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ፑሊ አስገብቼ በወፍራም ቺንጋ አስታረቅኳቸው። ከዚያ ብሎን እስኪፈታ መንቀጥቀጥ አመጣ። መድኃኒቱን ያገኘሁት ካናዳውያን ከሚያብዱለት ጨዋታ ነው፦ በረዶ ላይ በዱላ የሚመቷቸውን ድብልብል ጥቁር የሆኪ ጎማዎች በስቼ ሞተሩን እነሱ ላይ አስቀመጥኩት፣ እንደ ሕፃን ዝም አለ። በረዶ ሲገባ ጎማዎቿን አውልቄ የዚያኑ የስኖውሞቢል የፊት መንሸራተቻዎች፣ ስኪዎቹን፣ አጫማኋት። እንዲህ ያለ ብልሃት የትም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም።

ስንት ፈረስ ነው ለሚለኝ ሁሉ ሰማንያ አልኩ። አርባ ነው። የፈረስ ቁጥር በእጥፍ መናገር ልማዴ ነው፤ ያጠመድኩትን ዓሣም እንዲሁ ነው የምናገረው።

*

ነገሩ የተበላሸው ከቪክቶሪያ ፓርክ ሰብዌይ ባቡር ጣቢያ ወደ እነ እየሩሳሌም ፎቆች በሚያሻግረው የተሸፈነ ድልድይ ላይ ነው። ሰው ከሥራ እየወጣ በግራ በቀኛችን ያልፋል። እየሩሳሌም ጓንቷን አውልቃ እንደገና አጠለቀች።

"ተንደር ቤይ ያለ ሆስፒታል ኃላፊነት ሰጥቶኛል" አለች። "ሩቅ ነው።"

"ሩቅ ነው" አልኩ።

"በሚመጣው ወር፣ ሰኞ ቀን መልስ እሰጣቸዋለሁ ብያለሁ።" ከዚያ አየችኝ። እንደዚያ ያየችኝ ቀን የለም። "አንተ ምን ትላለህ?"

እኔ ምን አልኩ? እኔ ዘውዴ ነኝ። "ሂጂ እንጂ" አልኩ፣ ክንዴን እንደ ክንፍ ዘርግቼ። "ቅዳሜ ቅዳሜ በርሬ እመጣለሁ። ተንደር ቤይ ማለት እኮ ለእኔ አንድ የዐይን ጥቅሻ ናት። ቁርሴን ዌስተን፣ ምሳዬን አንቺ ጋ።"

መልሴን ሲጠብቅ የነበረው ፊቷ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

"እሺ" አለች።

አንድ ቃል ነው። ድልድዩን ተሻግራ ሄደች። እኔም ባቡር ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ውስጤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተወግቶ እንደወጣ ሰው ከንፈር ሆነ። አለ፤ ብትነኩት ግን የእኔ አይደለም። አልከፋኝም፣ አላለቀስኩም። ሥራ ሄድኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ጾሙ ሳይገባ ሽማግሌ ላክሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ እጄ የለመደውን እንደሚሠራው ሁሉ አፌም የጀመረውን ይጨርስ ብዬ ነው። የላክሁት ክብረትን ነው፣ ከሱዳን ጀምሮ የማውቀው ምላሰ ስለታም ጓደኛዬ፣ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር። ሲመለስ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ በሬ ላይ ቆሞ ነገረኝ።

"ምን አላችኋቸው?"

"ሽማግሌ የሚለውን ነዋ። ካፒቴን ነው አልን።"

"ካፒቴን?"

"አንተ ነህ ያልከን። እኔ ጨምሬበት ከሆነ ማርሹን ብቻ ነው።"

"እሳቸውስ?"

"እስኪበቃን አቆሙን። ከዚያ ምን አሉ መሰለህ? 'ይህ ሰው ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ እየበረርኩ አይሻለሁ ብሏታል። እንግዲያው አንድ ቅዳሜ ዐይኔ እያየ አሳፍሯት ይነሳ፣ ይረፍም። ካደረገው ዳቦ እቆርሳለሁ። ካላደረገው ልጄ እንጀራዋ ወዳለበት ትሂድ፣ በወሬ አላስቀራትም።'" ክብረት አፍንጫውን ጠራረገ። "እሳቸው አውሮፕላን የሚሉት ምግብ የሚያድለውን ነው፣ ካፒቴን። እወቅበት።"

እወቅበት አለ። አውቄበታለሁ። አውሮፕላን ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ክብደት ነው። እኔ ደግሞ እየሩሳሌምን ኪሎሽ ስንት ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እኛ ዘንድ ሴትን ኪሎዋን የሚጠይቅ ሐኪም ብቻ ነው፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አንድ ቀን ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በረዶ አንሸራቷት ክንዴ ላይ ስትወድቅ "ሃምሳ ኪሎም አትሞዪም፣ ላባ ነሽ" አልኳት፣ ያ ዐይኗ ቀድሞ ተዘጋ። ሁለተኛውን ወንበር ስሠራ በዚያች ሃምሳ አሰላሁ። ሞተሩን በሰማንያ አሰላሁ። የራሴን ቦርጭ ጭራሽ አላስገባሁትም። በሂሳቡ መሠረት ሁለት ሰው ይዛ ጨረቃ ደርሳ መመለስ ነበረባት።

በመከር ብቻዬን ስበርባት እውነቱን ነግራኛለች። ሜዳው መጨረሻ ላይ የጥድ ረድፍ አለ። ብቻዬን ሆኜ እንኳ ጥዶቹን የማልፈው እግሬን ሰብስቤ ነው።

ፈራህ ወይ ብትሉኝ፣ አልፈራሁም። ፍርሃቱም ከሌላው ጋር ደንዝዞ ነበር። ብርዱ ያግዛል አልኩ፣ የቀዘቀዘ አየር ወፍራም ነው፣ ይሸከማል። ቀኑን ቆረጥኩ። ለመልሷ ሰኞ ሁለት ቀን የቀረው ቅዳሜ።

*

የክብረት ሚኒቫን ጎተራው በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ የወረደው ስንቅ ነው። በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ ትልቅ የሻይ ቴርሞስ፣ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አንድ ጀሪካን ጠበል። ከዚያ አቶ ወልደገብርኤል፣ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው።

"ይህ ሁሉ ምንድነው፣ አባባ?"

"ልጄን ሰማይ ልሰድ ባዶ እጄን ልምጣ?" አሉ። አውሮፕላኗን ዞሩ፣ እንደገና ዞሩ። "ሌላው የት አለ?"

"የቱ ሌላው?"

"ቀሪ አካሏ።"

ክብረትን ሳል ያዘው።

"ሙሉ ናት፣ አባባ። ትንሽ የምትመስለው ሰማዩ ስለሰፋ ነው።"

አፌ እንደ ሁልጊዜው ይሠራል። እየሩሳሌም በመጨረሻ ወረደች፣ ረጅም ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ። ከድልድዩ ወዲህ በስልክ እንጂ በዐይን አልተያየንም ነበር። ሰላም አለችኝ፣ ሰላም አልኳት። አንዳች ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ጣቶቼም ስስ ጓንቴ ውስጥ ደንዝዘው እንደሌሉ ነበሩ።

አባቷና ክብረት ጀሪካኑ ከየትኛው ወንበር ሥር እንደሚሄድ ሲከራከሩ፣ ክንፉ ሥር ቀረብ አለችኝ።

"ዘውዴ፣ እኔ መድኃኒት የምመጥነው በኪሎ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። "እናት ትመጣና 'ልጄ ትልቅ ነው፣ ጎበዝ ነው' ትለኛለች። ደስ ይላል መስማቱ። ግን ሚዛኑን ሳላይ አንዲት ጠብታ አልሰጥም። ላንተ የሚሆን ሚዛን ነው ያጣሁት። ስለ ታክሲዎቹ ስትነግረኝ እስቃለሁ፣ ስለ ዓሣው እስቃለሁ። እወድሻለሁ ስትለኝም በዚያው ድምፅ ነው የምትለኝ። በስንት ላካፍለው?"

"እየሩስ—"

"በልኩ የነገርከኝ አንድ ነገር አለ? አንድ ብቻ።"

መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ያለፈው ግን ሌላው ነው። "አንቺ ግቢ ብቻ" አልኳት። "በሰማንያ ፈረስ የሚወሰድ ሙሽራ በካናዳ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።"

በዚያች በድልድዩ ዐይን አየችኝ።

"እሺ" አለች።

ካፖርቷን ሰብስባ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የሞተሩን ገመድ ጎተትኩ። በመጀመሪያው ተነሳ፤ ለብርድ የተወለደ ሞተር ነው። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቷ ጉልበቴን ይነካል፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አብረን እንንቀጠቀጣለን። ስኪዎቹ ሥር በረዶው ይንሰቀሰቃል። አቶ ወልደገብርኤል በረዶው ላይ ቆመው ያማትባሉ። ፊት ለፊቴ፣ ሜዳው መጨረሻ፣ ጥዶቹ።

ዞሬ አየኋት። ዐይኗን ጨፍናለች። ፈርታ አይደለም። የፈራ ሰው አንድ ነገር ይጨብጣል፤ የሷ እጆች እንዳስቀመጠቻቸው ተዘርግተው ነው ያሉት። እንደ እኔ ደንዝዛለች። አንድ ልክ የሆነ ነገር ስትጠይቀኝ ከርማ ደክሟት፣ እሺ ብላ ነው የተቀመጠችው። ያቺ እሺ መስማማት አልነበረችም። የመጨረሻ ነበረች። በድልድዩም ላይ፣ አሁንም።

ሞተሩን አጠፋሁ።

ጸጥታው ጆሮ ያማል። ዐይኗን ገለጠች።

"ውረጂ" አልኳት።

"ምን ሆነ?"

"አርባ ነው።" ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። "ሰማንያ አይደለም፣ አርባ ነው። ሁለት ሰው አታነሳም። አንቺንም አባባ ፊት ላባ ነሽ ማለት አልችልም፤ ላባ አይደለሽም፣ እኔም ቦርጭ አለኝ። ብንነሳ የምናርፈው ጥዶቹ ላይ ነው።"

አቶ ወልደገብርኤል ማማተባቸውን አቆሙ። ክብረት መሬት መሬት ያያል።

"ካፒቴን አይደለሁም" አልኩ፣ ጀምሬያለሁና። "ፈቃድ ያለኝ እንዲህ ያለች ትንሽ ለማብረር ብቻ ነው። ተንደር ቤይም አልደርስም። ቤንዚኗ ገና መንገዱ ሳይጀመር ያልቃል።"

"ሂጂ ያልከኝስ?" አለች።

"እሱም።"

"እሱም ምን?"

"እሱም ያው ነው። እንዳትሄጂ ነው የምፈልገው። ያን ቀንም የፈለግሁት እሱን ነበር።"

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማይ ይሰነጠቃል ብዬ ነበር። ምንም። በረዶው ላይ ወደቀ፣ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

አቶ ወልደገብርኤል ወደ ክብረት ዞሩ። "አንተ ሰው፣ ሽማግሌ ነኝ ብለህ ቤቴ ቆመህ ነው ይህን ያልከኝ?"

"አባባ፣ ሽማግሌ ጎደሎ ቆጥሮ ያውቃል? ተልከን ነው።"

እሳቸው ድፎውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ መኪናው ሄዱ። ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። ዳቦው ጭናቸው ላይ፣ በመስታወቱ በኩል ይታየኛል። አለቀ ማለት ነው። እንዳለቀ አወቅሁ፣ ግን እንደ ሰው ወሬ ነው ያወቅሁት።

እየሩሳሌም ወርዳ ቆመች። ካፖርቷ ጫፍ ላይ በረዶ ተጣብቋል።

"አንተን ብቻህን ታነሳሃለች?"

"ታነሳኛለች። ለጥቂት።"

"አሳየኝ" አለች።

*

ጠበሉንና ብርድ ልብሱን አውርጄ ሄድኩ። ሜዳው ከሥሬ ሮጠ፣ ጥዶቹ መጡ፣ መጡ፣ ስኪዬ ጫፋቸውን ሊነካ ሲል ዝቅ ብለው ከኋላዬ ቀሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ገጽ አደርጋት ነበር።

ላይ ብርዱ ጓንቴን እንደሌለ ቆጠረው። ጣቶቼ መሪውን ይዘዋል ብዬ በዐይኔ ነው ያረጋገጥኩት። በስተደቡብ ከተማው በጭጋጉ ውስጥ፣ ረጅሙ ግንቡ እንደ ቆመ ክር። ክንፌን ዘንበል አድርጌ ስዞር ከታች አየኋቸው። ነጭ ሜዳ ላይ አንድ ሰማያዊ ነጥብ፣ ክብረት የሚሆን አንድ ጥቁር ነጥብ። ከዚያ የመኪናው በር ተከፈተ፣ ሦስተኛ ነጥብ ወጣ፣ ቀና ብሎ ቆመ። ሰማያዊዋ ነጥብ አትንቀሳቀስም። እኔ ስዞር ብቻ ፊቷ አብሮኝ ይዞራል። ይህን ሁሉ እያየሁ ልቤ እንደ ጣቶቼ ነበር። መኖሩን በዐይኔ ካላየሁ አላምንም።

አረፍኩ። ሁለት ጊዜ ነጥራ ቆመች።

ጎተራው ውስጥ ስገባ አቶ ወልደገብርኤል የመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ዳቦውን አስቀምጠው፣ በክብረት ቢላዋ ይታገላሉ። ጠዋቱን ሙሉ ወጥቶ ሲገባ የቆየ ድፎ እንደ ግንድ ደርቋል።

"አልቆረጥ አለ" አሉ፣ ሳያዩኝ። "ይህ አገር ዳቦም ያደነዝዛል። መጋዝ የለህም?"

"አለ፣ አባባ። የብረት ነው።"

"አምጣው።"

መጋዙን አቀበልኳቸው፤ ጣቶቼ አልታዘዝ ስላሉ በመዳፎቼ መሐል ይዤ። በካፖርታቸው ጠረጉት።

"አንድ ሰው ታነሳለች አልክ፣ አንድ ሰው አነሳች" አሉ። "በዐይኔ አየሁ። የቀረውን እነ ክብረት ናቸው ያወሩት።"

"ይኸው፣ እኔ ላይ መጣ" አለ ክብረት።

"ዝም በል አንተ፣ ቴርሞሱን ክፈት።" ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ። "እኔ ዳቦ ነው የምቆርሰው። እሷን የምትጠይቀው አንተ ነህ።" አባታችን ሆይ ደግመው፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ድፎውን በብረት መጋዝ መገዝገዝ ጀመሩ። ፍርፋሪው እንደ ሰጋቱራ ጠረጴዛዬ ላይ ይዘንባል።

እየሩሳሌም አውሮፕላኗ አጠገብ ነበረች። እጇ ሞተሩ ላይ ነው፣ ገና ይሞቃል። እጆቼን አየቻቸው፣ ጓንቶቼን ስባ አወለቀች፣ ጣቶቼን ካፖርቷ ውስጥ አስገብታ ብብቷ ሥር ያዘቻቸው። አልተሰማኝም። ሲታይ ግን ደስ የሚል ነገር ነበር።

"ሰኞ ሲደውሉ ምን ትያቸዋለሽ?" አልኩ።

አባቷ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ትንፋሿ ብቻ ሞቀኝ።

"ስልሳ ስምንት" አለች።

"ምን?"

"ስልሳ ስምንት ኪሎ። ከነካፖርቴ ሰባ ሁለት። እናቴም ሳታውቀው ነው የሞተችው። የሚቀጥለውን ሞተር ስትፈልግ በዚህ አስላ። ሰኞ ሲደውሉ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

አፌን ከፈትኩ። ላባ የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። ዘጋሁት። የሰጠችኝን ቁጥር እንዳለ ተቀበልኩ፣ ሳልቀንስላት፣ ሳልጨምርባት። ያ አንደኛው ዐይኗ ቀድሞ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ጣቶቼ መመለስ ጀመሩ። የቀዘቀዘ እጅ ሲሞቅ ያማል፤ ከጫፍ ጀምሮ እንደ መርፌ፣ ከዚያ ክንድን ይዞ ወደ ላይ፣ ብዙ ሳምንት የተዘጋ በር ወዳለበት። በዓለም ላይ እንደዚያ የታመመ ሰው የለም ልላችሁ ነበር።

አመመኝ። ልክ የሚያመውን ያህል።